አንዱ ይፋጃል፣ ጎረቤቱ አልጫ ነው

ግራን ቻኮ ከአንዲስ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ በደቡብ ምሥራቅ ቦሊቪያ፣ በምዕራብ ፓራጓይና በሰሜን አርጀንቲና የተንጣለለ ሜዳ ነው። እሾሃማ ዛፍና ቁጥቋጦ የሞላበት፣ ሙቀቱ የሚያነድ አገር ነው። በዚያ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያርመው የሚበቅል አንድ የበርበሬ ዝርያ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ካፕሲኩም ቻኮኤንሴ ይባላል። የዚህ በርበሬ ጉድ ያለው ፍሬው ላይ ነው። ሁለት ተክሎች ጎን ለጎን ቆመው፣ ቅጠላቸው አንድ፣ አበባቸው አንድ፣ የፍሬያቸው ቅላት አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ፍሬ ምላስ ይፈጃል፣ የሌላው ደግሞ አልጫ ነው። በዓይን አይለዩም። ሊያጠኗቸው የሄዱት ተመራማሪዎች ከያንዳንዱ ተክል ፍሬ እየቆረሱ ይቀምሱ ነበር፤ የሚያስቀና ሥራ አይደለም።

በርበሬ ለምን ያቃጥላል? ጥያቄው የቆየ ነው። አጥጋቢ መልስ የተገኘለት ግን ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ደግሞ ከማንኛውም የእርሻ በርበሬ ይልቅ የጠቀመው ይህ የቻኮ ጫካ በርበሬ ነው። ሁሉም ፍሬ በሚያቃጥልበት ዝርያ ማቃጠል ምን እንደሚጠቅም ማወዳደሪያ የለም። ፋጂውና አልጫው አንድ አፈር ላይ፣ በአንድ ዝናብ ሲያድጉ ግን የትኛው እንደሚጠቀምና የትኛው እንደሚጎዳ ቆጥሮ ማየት ይቻላል።

ዝርያውን በስሙ የመዘገበው አርጀንቲናዊው የዕፅዋት ሊቅ አርማንዶ ሁንዚከር ነው፤ ጊዜው 1950 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተክሉ ቅርንጫፉ የበዛ ቁጥቋጦ ሲሆን ትንንሽ ነጭ አበባ ያወጣል። ፍሬው ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከአረንጓዴ ወደ ደማቅ ቀይ ይለወጣል። ሲበስል ከእንብርቱ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ወፍ ገና በመንቆሯ ስትነካው ይረግፍላታል። ቦሊቪያ ውስጥ ሰዎች ከጫካ እየለቀሙ ይበሉታል፤ ኮቪንቾ ይሉታል።

የበርበሬ ወገን፣ ማለትም ካፕሲኩም፣ ከአርባ የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። ሰው ያላመዳቸው አምስት ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ በርበሬ፣ ቃሪያ ተብሎ የሚታወቀው በአብዛኛው ከአምስቱ አንዱ የሆነው ካፕሲኩም አኑም ነው። የቀሩት ዛሬም የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ጫካ ውስጥ በራሳቸው ይኖራሉ። ጫካ ያሉት ባብዛኛው ፍሬያቸው ትንሽ፣ ቀይና ቀጥ ያለ ነው። ሰው እጅ የገባው ፍሬው ተለቅ አለ፣ ቁልቁል ተንጠለጠለ፣ በስሎም ከተክሉ እንዳይረግፍ ሆነ። ለገበሬ የሚመቸው ለወፍ የማይመቸው ነውና።

የማቃጠሉ ምንጭ ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገርና የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ብዙ ሰው ዘሩ ያቃጥላል ብሎ ያምናል። ስንግ የሚያሰናዳ ሰው ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቆ ውስጡን ሲጠርግ ዘሩን እያወጣ ያለ ይመስለዋል፤ የሚያቀልለት ግን ከዘሩ ጋር አብሮ የሚወጣው፣ ዘሩ የተጣበቀበት ነጭ ጅማት ነው። ካፕሳይሲን የሚሠራው እዚያ ነጭ ክፍል ላይ ነው። ዘሩ ከዚያ የተቀባውን ይዞ ነው የሚያቃጥለው። ይህ ቦታ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም፤ ተክሉ ኃይሉን ያከማቸው ሊጠብቀው ከሚፈልገው ነገር አጠገብ ነው።

ማቃጠል ሲባል ደግሞ እውነተኛ መቃጠል የለም። ምላስ ላይ ያሉ ነርቮች ሙቀት ከ43 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅ ተቀባይ ፕሮቲን አላቸው፤ ቲአርፒቪ1 ይባላል። ካፕሳይሲን በዚህ ተቀባይ ላይ ሲቀመጥ፣ እሳት ሳይኖር እሳት ደረሰ የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይሄዳል። ተቀባዩን በ1997 ለይቶ ያወጣው የዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነበር፤ ጁሊየስ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የ2021ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተካፈለው ከዚህ በተነሣ ሥራ ነው። የወፍ ነገር ሌላ ነው። በ2002 የዶሮው ተቀባይ ሲመረመር ለሙቀት ይሠራል፣ ለካፕሳይሲን ግን ደንታ የለውም። ወፍ የፈለገችውን ያህል ሚጥሚጣ ብትበላ አፏ አይነድም።

ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያው መልስ መጣ፤ እስከ ዛሬም በጣም የሚወደደው እሱ ነው። በርበሬ የሚያቃጥለው አጥቢ እንስሳትን አባርሮ ወፎችን ለማስጠጋት ነው የሚል።

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በሜዳ የፈተኑት ግን ጆሹዋ ቱክስበሪና ጋሪ ናብሃን ናቸው፤ ውጤታቸው በ2001 ታተመ። ቦታው ደቡብ አሪዞና፣ ተክሉ የካፕሲኩም አኑም የጫካ ዘመድ የሆነው ቺልተፒን ነበር። ቺልተፒን አተር የምታህል ክብ ፍሬ አለው፤ በበረሃ የሚኖረው በሌሎች ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር ተጠግቶ ነው። በካሜራ ሲከታተሉት ፍሬውን የሚወስዱት ወፎች ብቻ ሆኑ፤ በተለይ መንቆሯ ቆልመም ያለች አንዲት የበረሃ ወፍ። የበረሃ አይጦቹ ዘወር ብለውም አላዩትም። እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ። አይጥ ፋጂውን አልበላም ካለ፣ ቢበላው ዘሩ ምን እንደሚሆን በምን ይታወቃል? መፍትሔው ከቻኮ መጣ። ተመራማሪዎቹ የካፕሲኩም ቻኮኤንሴን አልጫ ፍሬ ለአይጦቹ አቀረቡላቸው፤ በሉ። በአይጥ ሆድ ያለፈ ዘር አንድም አልበቀለም፤ ጥርሳቸው ፈጭቶታል። በወፏ ሆድ ያለፈው ግን ማንም ሳይነካው እንደ ተዘራ ዘር በቀለ። ወፏም ፍሬ የሚያፈሩ ቁጥቋጦዎች ላይ ስለምታርፍ ዘሩን የምትጥለው በርበሬ በሚወደው ጥላ ሥር ነው።

ታሪኩ ውብ ነው። ምናልባት ውበቱ ሳይበዛ አልቀረም፤ ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ደርሰው ያቆማሉ። እንዲያውም አጥቢን ያቃጥላል፣ ወፍን አያቃጥልም የሚለው ሕግ ራሱ የማይሠራበት ቦታ አለ። በ2018 ቻይና ውስጥ የተሠራ ጥናት የዛፍ ሽሪው የምትባለው ትንሽ አጥቢ እንስሳ ተቀባይዋ በመለወጡ ፋጂ በርበሬ ያለ ችግር እንደምትበላ አሳይቷል፤ ለውጡ የመጣው በአገሯ ከሚበቅል፣ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ካለው ሌላ ተክል ጋር በመኖሯ እንደሆነ ተገምቷል። ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር ቻኮ ላይ ነው። አይጥን ማባረር ብቻውን ምክንያት ቢሆን አልጫዎቹ ገና ድሮ መጥፋት ነበረባቸው። አልጠፉም። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ብዙኃኑ እነሱ ናቸው፤ ከቦታ ቦታ ቁጥራቸው የሚለዋወጠውም በዘፈቀደ ሳይሆን ሥርዓት ባለው መንገድ ነው።

ቱክስበሪ፣ ዳግላስ ሌቪና ባልደረቦቻቸው ወደ ቦሊቪያ ሄደው ፍሬዎቹን በቅርብ መመርመር ሲጀምሩ ያዩት ነገር አይጥም ወፍም አልነበረም። በፍሬው ቆዳ ላይ ትንንሽ ጠባሳዎች ነበሩ። ጠባሳዎቹን የተዉት ከትኋን ጋር የሚዛመዱ ነፍሳት ናቸው፤ መርፌ በመሰለ አፋቸው ፍሬውን ወግተው ይመጥጣሉ። ነፍሳቱ ብዙ አይጎዱም፤ የሚጎዳው በተከፈተው ቀዳዳ ተከትሎ የሚገባው ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ፍሬው ውስጥ ይሰራጫል፣ ዘሩንም ይገድላል። በ2008 የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው ነፍሳቱ በበዙበት ቦታ ፋጂ ተክሎችም ይበዛሉ፤ ነፍሳቱ ባነሱበት አልጫው ይበዛል። ፋጂ ፍሬ ውስጥ በነፍሳት ከተወጋም በኋላ ፈንገሱ ያን ያህል አይስፋፋም። በቤተ ሙከራ ደግሞ ፍሬው ውስጥ የሚገኘውን ያህል ካፕሳይሲን ፈንገሱ የሚያድግበት ምግብ ላይ ሲጨመር እድገቱ ተገታ።

ከወፍና ከአይጥ ታሪክ ይልቅ ይህ የሚያሳምነው፣ የሁለቱ ጎረቤቶች ቁጥር ለምን ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ስለሚገልጽ ነው። አይጥን የማባረሩ ጥቅም ሐሰት አይደለም፤ ግን ብቻውን የቻኮን ካርታ ሊያስረዳ አይችልም።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ማቃጠል ከፈንገስ ካዳነ፣ ለምን ሁሉም አላቃጠለም? ፈንገስ ባነሰበት ቦታ ቢሆን እንኳ ካፕሳይሲን መያዝ ምን ይጎዳል?

መልሱ ውሃ ነው። በ2012 ዴቪድ ሃክና ባልደረቦቹ በደቡብ ምሥራቅ ቦሊቪያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር ይዘው ተከተሉ። በመስመሩ አንድ ጫፍ ዝናብ ጥቂት ነው፣ ወደ ሌላው ጫፍ እየሄደ ይጨምራል። በደረቁ ጫፍ ፋጂ ፍሬ ያላቸው ተክሎች ከ15 እስከ 20 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በእርጥቡ ጫፍ 100 ከመቶ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ዘር ሰብስበው አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ካሳደጉ በኋላ ለአንዳንዶቹ በቂ ውሃ ሰጡ፣ ሌሎቹን አስጠሙ። ውሃ በበቃ ጊዜ ፋጂውና አልጫው እኩል ዘር ሰጡ። በጥም ጊዜ ግን ፋጂው የሰጠው የአልጫውን ግማሽ ያህል ነው። ምክንያቱ ቅጠሉ ላይ ተገኘ። ተክል አየር የሚያስገባባቸውና ውሃ የሚያተንባቸው የቅጠል ቀዳዳዎች ፋጂው ላይ ይበዛሉ። ማቃጠልና ብዙ ቀዳዳ ለምን አብረው እንደሚሄዱ የሚያስረዳው ገመድ ገና በደንብ አልተፈታም፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። በደረቅ ቦታ የሚፋጅ በርበሬ ጠላት በሌለበት ዘብ ቀጥሮ ደሞዝ እንደሚከፍል ቤተሰብ ነው።

እርጥበት ባለበት ሁለቱም ነገሮች በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ። ፈንገስ እርጥበት ይወዳል፣ ስለዚህ አደጋው ይጨምራል፤ ውሃም ስላለ ዋጋው ይቀንሳል። በርበሬ እርጥብ አገር ሁሉ ፋጂ፣ ደረቅ አገር ሁሉ አልጫ ነው ማለት ግን አይደለም። ቺልተፒን የአሪዞና በረሃ ውስጥ እየኖረ ሁሉም ያቃጥላል። የቦሊቪያው ውጤት የሚናገረው ስለ አንድ ዝርያ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚነገረው ግምት ነው።

የወፏ ነገር በዚህ ሁሉ ተረስቶ አልቀረም። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት የቻኮን በርበሬ ዋነኛ በታኝ፣ ኢሌኒያ የምትባል ትንሽ ወፍ ላይ አተኮረ። እስከዚያ ድረስ ወፍ ለተክል የምትጠቅመው ዘሩን አርቃ በመጣል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እዚህ የተገኘው ሌላ ነው። በወፏ ሆድ ያለፉ ዘሮች የመትረፍ ዕድላቸው በ370 ከመቶ ጨመረ፣ ጭማሪው የመጣውም ከርቀቱ አይደለም። ዘሩ ከእናቱ ተክል ሥር ቢወድቅ እንኳ ጥቅሙ ያው ነው። የወፏ ሆድ ዘሩ ላይ ያለውን ፈንገስ ይቀንሳል፣ ጉንዳን የሚስበውንም ሽታ ያጠፋል። ሁለቱ የቆዩ መልሶች፣ የወፍና የፈንገስ፣ እዚህ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ፤ ፍሬው ተክሉ ላይ እያለ ዘሩን ካፕሳይሲን ይጠብቀዋል፣ ፍሬው ሲበላ ደግሞ ሥራውን ወፏ ትረከባለች።

አልጫነት በዘር ሐረግ ረገድ አንድ መንገድ ብቻ የለውም። ካፕሳይሲን እንዲሠራ ፐን1 የሚባል ዘረመል ደኅና መሆን አለበት፤ ሰላጣ ላይ የሚገባው ትልቁ ጣፋጭ ቃሪያ አልጫ የሆነው የዚህ ዘረመል አንድ ክፍል ስለጎደለ ነው። የቻኮው በርበሬ አልጫነቱ ግን ከሌላ ዘረመል የመጣ ነው። ማለትም ገበሬ በመረጣ ያገኘውን ጫካው በሌላ በር ገብቶ አግኝቶታል።

የሰው ልጅስ ለምን የሚያቃጥለውን ያዘ? በኢኳዶር ደቡብ ምዕራብ የተገኘ የበርበሬ ስታርች ቅሪት ሰው በርበሬን በምግብ ላይ ከተጠቀመበት 6000 ዓመት ያህል እንደሆነው ያሳያል፤ ካፕሲኩም አኑም ደግሞ የተላመደው በመካከለኛ ምሥራቅ ሜክሲኮ እንደሆነ በ2014 የታተመ ጥናት ከተለያዩ ማስረጃዎች ደምድሟል። ሰው ቅመም የሚወደው ምግብ እንዳይበላሽ ስለሚከላከልለት ነው የሚል ሐሳብ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተነግሮ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። የበርበሬው ፈንገስ ታሪክም ይህን የሚያጠናክር ይመስላል፤ ተክሉ ያገኘውን ጥቅም ሰው ወረሰው እንደ ማለት ነው። ሲያዩት ያስማማል። በ2021 ግን ከ70 የምግብ ባህሎች የተሰበሰቡ 33,750 የምግብ አሠራሮችን የመረመረ ጥናት የቅመም አጠቃቀሙ በሽታን ከመከላከል ሐሳብ ጋር እንደማይጣጣም አሳየ። ሞቃት አገር ቅመም ይበዛል፤ ለምን እንደሚበዛ ግን በሽታን በመከላከል ብቻ አይገለጽም። ለተክሉ የሠራ ማብራሪያ ለወጡ ላይሠራ ይችላል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጋር የምትገናኘው ዘግይታ ነው። በርበሬ ኮሎምበስ አሜሪካን ከመርገጡ በፊት በአፍሪካ አልነበረም፤ አዋዜውም ድልሁም ዶሮ ወጡም ዛሬ የሚታወቁበትን መልክ የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው። የማረቆው ፋና ይሁን የባኮው በርበሬ፣ ዛላው ረዝሞ ቁልቁል የሚንጠለጠለው ሁሉ፣ የቺልተፒን ዘመድ ነው። የጫካውን ጠባይ ማየት የሚፈልግ በየጓሮው ያለውን ሚጥሚጣ ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ፍሬው ትንሽ፣ ቀይና ወደ ላይ የቆመ ነው። ሰው እጅ ገብቶም የወፍ ምግብ መምሰሉን አልተወም።

የጫካው በርበሬ ለእርሻው የሚሰጠው ደግሞ ጣዕም ሳይሆን ጤና ነው። ባክቴሪያ የሚያመጣው የቅጠል ነጠብጣብ በሽታ ሙቀትና ዝናብ ባለበት አገር የበርበሬ ገበሬ ጠላት ነው፤ ቅጠሉ ይረግፍና ፍሬው በፀሐይ ይቃጠላል። ከዚህ የሚከላከለው ቢኤስ2 የሚባለው ዘረመል የተገኘው ከካፕሲኩም ቻኮኤንሴ ነው። ጣፋጭ ቃሪያዎች ውስጥ በመዳቀል ገብቷል፤ በ1999 ተለይቶ ከወጣ በኋላም ወደ ቲማቲም ተዛውሮ ፍሎሪዳ ውስጥ በማሳ ላይ ተፈትኖ ሠርቷል። ባክቴሪያው ግን ዝም ብሎ አላየም። ቢኤስ2 የሚያውቀውን የራሱን ፕሮቲን እየለወጠ የሚያመልጥ ዓይነት በፍሎሪዳ የቃሪያ ማሳዎች ላይ ታየ። በርበሬን የሚያጠቁ የሞዛይክ ቫይረሶችን የሚከላከለው ኤል4 የተባለው ዘረመልም የመጣው ከዚሁ ዝርያ ነው። ስለዚህ የቻኮ ጫካ ላይ የሚደርሰው ነገር የእርሻውንም ጉዳይ ይነካል።

ጫካው ደግሞ እየጠበበ ነው። ግራን ቻኮ ለአኩሪ አተርና ለከብት ግጦሽ ሲባል በዓለም በፍጥነት ከሚመነጠሩ ደኖች አንዱ ሆኗል። ቺልተፒን በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አለው። በ1999 አሪዞና ውስጥ ቱማካኮሪ አጠገብ 2,500 ኤከር ያህል መሬት ለጫካ በርበሬ ተብሎ ተከለለ፤ ቴክሳስም በ1997 የግዛቷ አገር በቀል በርበሬ ብላ ሰይማዋለች፤ በሜክሲኮዋ የሶኖራ ግዛት ተራሮች ለቃሚዎች በየዓመቱ እየወጡ ይለቅሙትና ከእርሻ በርበሬ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጡታል። ለቻኮው በርበሬ እንዲህ ያለ ስም ያለው ጥበቃ የለም።

ቢኤስ2 የተገኘበት ተክል በአሜሪካ የዘር ክምችት ውስጥ ፒአይ 260435 ተብሎ ከተመዘገበ አንድ ናሙና የመጣ ነው። ብዙዎቹ የጫካ በርበሬ ዘሮች ዛሬ የሚቀመጡት እንዲሁ በቁጥር ተለይተው፣ በቀዝቃዛ ክፍል ነው። ለዚህ ዝርያ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቦታው ይበልጥ ይጠየቃል። ከደረቁ ጫፍ የተለቀመ ዘር በአብዛኛው አልጫ፣ ከእርጥቡ ጫፍ የተለቀመው ደግሞ ሁሉም ፋጂ ስለሚሆን፣ አንድ ከረጢት ዘር ከየትኛው ወንዝ ዳር፣ ከየትኛው ኮረብታ እንደተለቀመ ካልተጻፈበት ስለ ካፕሲኩም ቻኮኤንሴ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው።